ሁለት ባቡር በአንድ ሸለቆ፦ የኦሆስ ኔግሮስ የብስክሌት መንገድ

ካርታ አውጡና ምሥራቅ ስፔንን ፈልጉ። ከቫሌንሲያ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ባሕሩ ዳር፣ ሳጉንቶ የምትባል ከተማ አለች። ከሳጉንቶ ወደ ተራራው የሚያስገባ ሸለቆ አለ፤ የፓላንሲያ ወንዝ ሸለቆ ነው። ሽቅብ ስትከተሉት ሴጎርቤን፣ ሄሪካን፣ ባራካስን እያለፋችሁ መጨረሻ ላይ ቴሩኤል ትደርሳላችሁ። በዚህ ሁሉ ርቀት ሁለት የባቡር መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዳንድ ቦታ በጣም ይቀራረባሉ። አንዱ ላይ ቆሞ የተጣራ ሰው ሌላው ላይ ላለው ይሰማል።

በአንደኛው ዛሬም ባቡር ይሄድበታል። ከሁለተኛው ግን ሃዲዱ ከተነሳ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እዚያ የምታገኙት ብስክሌተኛ፣ እግረኛና አልፎ አልፎ ፈረሰኛ ነው። ስሙ የኦሆስ ኔግሮስ አረንጓዴ መንገድ ይባላል። ርዝመቱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፔን ውስጥ ካሉት አረንጓዴ መንገዶች ረጅሙ ተብሎ ይታወቃል። ብዙው ክፍል ፒስታ ነው፤ የተደላደለ አፈርና ደቃቅ ጠጠር።

ተራራማ አገር ውስጥ ብስክሌት መንዳት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። ዳገቱ ጉልበት ይጨርሳል። አስፋልቱ ጠባብ ነው። የጭነት መኪና በጎን ሽው ብሎ ሲያልፍ ልብ ይደነግጣል። እዚህ ግን ልጅ ይዞ የሚነዳ ቤተሰብ አለ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችም አሉ። ይህን ያህል ረጅምና ለስላሳ መንገድ ተራራ መሃል እንዴት ተገኘ? ለብስክሌት ብሎ የሠራው ሰው የለም። መነሻው ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የዋጋ ጠብ ነው። ጉዳዩን በደንብ ለመረዳት ከዚያ መጀመር ይሻላል። (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ጠቡ

ኦሆስ ኔግሮስ «ጥቁር ዓይኖች» ማለት ነው። በቴሩኤል ክፍለ ሀገር፣ ሴራ ሜኔራ በሚባል ተራራ ግርጌ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ተራራው ውስጥ የብረት ማዕድን አለ። በ1900 ራሞን ዴ ላ ሶታ እና ኤድዋርዶ አስናር የሚባሉ ሁለት የቢልባኦ ሰዎች የሴራ ሜኔራ ማዕድን ኩባንያን አቋቋሙ። መርከብ ያላቸው፣ የማዕድን ንግድ የገባቸው ሰዎች ነበሩ። ማዕድኑን ማውጣቱ አላስቸገራቸውም። ያስቸገራቸው ማውረዱ ነው። ማዕድኑ ያለው ደጋ ላይ ነው፤ ባሕሩ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

መልሱ ደጃቸው ላይ ያለ ይመስል ነበር። የማዕከላዊ አራጎን የባቡር ኩባንያ፣ በቤልጂግ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ድርጅት፣ ከካላታዩድ ተነስቶ በቴሩኤል በኩል ቫሌንሲያ የሚደርስ መስመር እየዘረጋ ነበር። መስመሩ በ1901 ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ባለ ማዕድኖቹ ጭነታቸውን በዚህ ባቡር ለማውረድ ተነጋገሩ። በዋጋው ሊስማሙ አልቻሉም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወይ ዝቅ ብሎ ይከፍላል ወይ ሥራውን ይተወዋል። እነሱ ግን የራሳቸውን ባቡር ሠሩ። 204 ኪሎ ሜትር፣ በዚያው ሸለቆ፣ በዚያው ተራራ፣ በሌላው ባቡር ጎን። በ1907 መስመሩ ሥራ ጀመረ፤ ማዕድኑም ወደ ባሕር መውረድ ጀመረ። ሳጉንቶ ዳርቻ የራሳቸውን ወደብ ገነቡ። ወደቡ አጠገብ ሠራተኞች ሰፈሩ፤ ሰፈሩ አድጎ ዛሬ ፑዌርቶ ዴ ሳጉንቶ የሚባለው ከተማ ሆነ። ከጊዜ በኋላ ብረት ማቅለጫ ምድጃዎችም ተተከሉ።

በጊዜው ላየው ሰው ይህ ግልጽ ብክነት ነበር። አንድ ድሃና ሰው የሳሳበት አገር፣ ሁለት ባቡር፣ ሁለት ዓይነት ድልድይ፣ ሁለት ዓይነት ዋሻ። ገንዘቡ ለሌላ ሥራ ሊውል ይችል ነበር። ዛሬ ግን ይህ ብክነት የብስክሌት መንገዱ ዋና ሀብት ሆኗል። ለምን እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ።

መንገዱ ለምን ለስላሳ ሆነ

የባቡር መሐንዲስ ዳገት ይፈራል። የብረት ጎማ በብረት ሃዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚይዘው ነገር ትንሽ ነው። 100 ሜትር ሄዶ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ከወጣ ለባቡር ከባድ ዳገት ነው፤ ማዕድን ለጫነ ባቡር ደግሞ የባሰ ነው። ቁልቁለቱም ቀላል አይደለም። በማዕድን የተሞሉ ፉርጎዎች ተራራ ሲወርዱ ፍሬኑ ካልያዘ የሚያቆማቸው የለም። ስለዚህ መሐንዲሱ ሳይታክት ያስተካክላል። ኮረብታውን ይቆርጣል። ገደሉን ይሞላል። ቋጥኝ ከገጠመው ይበሳል። ሌላ መላ ሲያጣ በተራራው ወገብ ዙሪያ ጥምዝምዝ ብሎ ይሄዳል። ለአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ሦስት ኪሎ ሜትር ቢዞርም ግድ የለውም።

ብስክሌተኛ የሚያገኘው የዚህን ሁሉ ልፋት ውጤት ነው። ከባራካስ እንነሳ። ባራካስ ከባሕር ወለል በላይ 980 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ንፋሳም ሜዳ ናት። የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ከዚያ እስከ አልሂሚያ ዴ አልፋራ ድረስ 68 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርቀት ከ700 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ሒሳቡን ብትሠሩት በየ100 ሜትሩ የምትወርዱት አንድ ሜትር ከትንሽ ነው። ፍሬን መያዝ አያስፈልግም፤ ፔዳል በርትቶ መርገጥም አያስፈልግም። ብስክሌቱ ራሱ ይወስዳችኋል።

በዚያው ቦታ ያለውን የመኪና መንገድ ብታዩት ልዩነቱ ይገባችኋል። ከባራካስ ወደ ቪቬር የሚወርደው ራጉዶ የሚባል ቁልቁለት የታወቀ ነው። አሮጌው የመኪና መንገድ በቀጥታ ይወርደዋል። የማዕድኑ ባቡር ግን በካውዲየል በኩል እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ለመኪና ደቂቃዎች የሚፈጀው ለባቡሩ ረጅም ጉዞ ነበር። ለብስክሌተኛ ደግሞ ከቀኑ ምርጡ ሰዓት ነው።

ሁሉም ቁልቁለት እንዳይመስላችሁ። ቴሩኤል በ915 ሜትር ላይ ናት። ከእሷ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው የኤስካንዶን በር፣ የተራራው ማለፊያ፣ ግን ከ1,200 ሜትር ያልፋል። ከቴሩኤል የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ይህን ይወጣል። የተጫነው ባቡር ራሱ ወደ ባሕር ሲሄድ ይህን ዳገት መውጣት ነበረበት፤ ስለዚህ እዚህ ላይ መሐንዲሶቹ የበለጠ ተጠንቅቀዋል። ዳገቱ ረጅም ነው፣ ግን አይሰብርም። ቀላል ማርሽ አስገብቶ፣ እያወሩ መውጣት ይቻላል። ከኤስካንዶን በኋላ ላ ፑዌብላ ዴ ቫልቬርዴንና ሳሪዮንን እያለፋችሁ በከፍታው ሜዳ ላይ ትሄዳላችሁ። ከዚያ ነው ባራካስ የሚመጣው።

የቴሩኤል በኩል መሬት ደረቅ፣ ቀይና ሰፊ ነው። ጥድ አለ፤ የእኛ ጥድ የቅርብ ዘመድ። ሳሪዮን አካባቢ ዝቅ ዝቅ ያሉ የኦክ ዛፎች በረድፍ ተተክለው ታያላችሁ። ጫካ ይመስላሉ፤ በእርግጥ ግን እርሻ ናቸው። ከሥራቸው አፈር ውስጥ ጥቁር ትሩፍ የሚባል ውድ እንጉዳይ ይበቅላል። የብርዱ ወራት ሲመጣ ባለቤቶቹ ውሻ ይዘው ይወጣሉ፤ ውሻው አሽትቶ ያገኘዋል፣ ሰውዬው በጥንቃቄ ይቆፍራል። ይህ አካባቢ ጥቁር ትሩፍ በማምረት በዓለም ከሚጠሩት ቦታዎች አንዱ ነው። ሳሪዮን በየዓመቱ ታኅሣሥ አካባቢ የትሩፍ ትርዒት ታዘጋጃለች።

ዝቅ ስትሉ አገሩ ይለወጣል። አልሞንድና ወይራ ይመጣሉ። ሄሪካ ላይ ኮረብታው አናት የቆመ የጡብ ደወል ቤት ታያላችሁ። ናቫሃስ ላይ ብስክሌቱን አቁሙና ወደ ፏፏቴው ውረዱ። «የሙሽራዋ ዝላይ» ይሉታል። በአፈ ታሪኩ ሊጋቡ የተቃረቡ ልጃገረዶች ወንዙን በጠባቡ በኩል ይዘሉ ነበር፤ አንዷ ሳይሳካላት ቀረ። የናቫሃስ አደባባይ ላይ ደግሞ በ1636 የተተከለ ትልቅ ዛፍ አለ። ከእሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውሃ መጠጣት በራሱ ለጉዞው በቂ ምክንያት ነው። ሴጎርቤ ውስጥ 50 ቧንቧ ያለው ምንጭ ይገኛል። ከዚያ በታች ብርቱካን ይጀምራል። ጠዋት ብርድ ላይ የተነሳ ሰው ማታ ብርቱካን መሃል ይገባል።

ሃዲዱ ሲነሳ

የማዕድኑ ባቡር በ1972 ቆመ። የሚገርመው ማዕድኑ አልቆመም። ከዚያ በኋላ የተጫነው በመንግሥት ባቡር ነው፤ ማለትም በዚያው በጎን ባለው መስመር፣ ባለ ማዕድኖቹ በዋጋ ባልተስማሙበት መስመር። ዞሮ ዞሮ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ጭነቱ እዚያው ደረሰ። ከዚያ ሁሉም ነገር ተከታትሎ ወደቀ። የሳጉንቶ ምድጃዎች በ1984 ተዘጉ፤ ማዕድን ማውጫውም ብዙ አልቆየም። ኦሆስ ኔግሮስ አጠገብ የነበረው የሠራተኞች ሰፈር ባዶውን ቀረ። ሳጉንቶ ላይ አንድ ምድጃ ብቻ፣ ቁጥር 2 የሚባለው፣ እንደ ቅርስ ተጠብቆ ቆሟል።

ሃዲድ የተነሳበት መሬት ዕጣው ብዙ ጊዜ አያምርም። ረጅምና ጠባብ ነው፤ ለማንም ብዙም አይጠቅምም ይባላል። ጎረቤት ገበሬ አጥሩን ትንሽ ይገፋል። ሌላው ጋራዥ ይሠራበታል። ማዘጋጃ ቤት አስፋልት ያለብስበታል። ድልድዩ በብረቱ ዋጋ ይሸጣል። ከእነዚህ አንዱ በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ ከተደረገ የቀረው 200 ኪሎ ሜትር ዋጋ ያጣል፤ የተቆረጠ ገመድ ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። መንገድ መሥራት ቀላል ነው። መስመሩን ሳይቆራረጥ ማቆየት ግን ከባድ ነው።

ስፔን በ1985 መጀመሪያ ላይ ብዙ አትራፊ ያልሆኑ የባቡር መስመሮችን በአንድ ቀን ዘግታለች። አገሪቱ ሞልታ የቀረችው በባዶ የባቡር መስመር ነበር። በ1993 የስፔን ባቡር ፋውንዴሽን «ቪያስ ቬርዴስ»፣ ማለትም «አረንጓዴ መንገዶች» የሚል ፕሮግራም ማስተባበር ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሃዲድ የሌለውን መስመር ለእግረኛና ለብስክሌት እናድርገው፤ ሞተር አይግባበት፤ ተዳፋቱ ከ3 በመቶ አይብለጥ። ዛሬ በመላው ስፔን ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲህ ዓይነት መንገድ አለ። የኦሆስ ኔግሮስ መንገድ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በየክፍሉ ተከፈተ፤ አንዱ በቫሌንሲያ በኩል፣ ሌላው በአራጎን በኩል።

አሁን ወደ ብክነቱ ልመለስ። ሁለተኛው ባቡር ባይኖር ኖሮ ይህ አረንጓዴ መንገድ ባልኖረም ነበር፤ ባቡር የሚሄድበትን መስመር ብስክሌት አይነዱበትም። አንደኛው ባቡር ባይኖር ደግሞ መንገዱ ቢኖርም ለብዙ ሰው አይመችም ነበር። ምክንያቱም የሚደርሱበት ዘዴ የለም። የቫሌንሲያ፣ ቴሩኤልና ሳራጎሳ ባቡር ዛሬም በዚያ ያልፋል። ብስክሌተኛው ጠዋት ቫሌንሲያ ወይም ሳጉንቶ ላይ ይሳፈራል። ባራካስ ወይም ቴሩኤል ይወርዳል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ወደ ባሕር ይወርዳል። የደከመ ሰው መንገድ ላይ ባለ ጣቢያ ባቡር ይጠብቃል። መኪና አያስፈልግም፤ «መኪናዬን የት ላቁም፣ እንዴት ልመለስ» የሚል ጭንቀት የለም። ሌሎች አገሮች ውስጥ ቆንጆ የብስክሌት መንገድ ተሠርቶ የሚደርሱበት ዘዴ ሲታጣ አይቻለሁ። ሰው ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ ይሄዳል። ከመኪና ነፃ የሆነ መንገድ በመኪና የሚደረስበት ከሆነ ግማሹ ጥቅም ይቀራል።

ሦስተኛም ረዳት አለ። ሙዴሃር የሚባለው ፈጣን መንገድ ከሳጉንቶ በቴሩኤል አድርጎ ሳራጎሳ ይሄዳል። ከባዱ የመኪና ጉዞ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ መንደሮቹን የሚያገናኙት ትናንሽ መንገዶች ጸጥ ብለዋል። ለእንጀራ ወይ ለአልጋ ከአረንጓዴው መንገድ ወጥታችሁ መንደር ብትገቡ ብዙ መኪና አይገጥማችሁም። እንጀራ ስል ዳቦ ማለቴ ነው፤ እዚያ እንጀራ የለም። የጾም ነገር ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ቴሩኤል በአሳማ ሥጋዋ የታወቀች ናት፤ የየመንደሩ ምግብ ቤት ዝርዝርም ይህንኑ ያሳያል። ዳቦ፣ ቲማቲምና የወይራ ዘይት ግን የትም አለ። ጠይቁ፤ በደስታ ያዘጋጁላችኋል።

ምን ዓይነት ብስክሌት፣ መቼ

ቀጭን ጎማ ያለው የሩጫ ብስክሌት እዚህ ያስቸግራል። በቫሌንሲያ በኩል ያለው ጥሩ ርቀት ጠንከር ያለ ንጣፍ ስላለው ይሄዳል። በቴሩኤል በኩል ግን አፈርና ጠጠር ነው፤ አንዳንድ ቦታ ኮሮኮንች ነው። ሰፋ ያለ ጎማ ያለው ግራቭል ብስክሌት ወይም የተራራ ብስክሌት ይመረጣል። ጎማውን ከመጠን በላይ አትንፉ፤ ትንሽ ላላ ሲል መንቀጥቀጡን ይውጣል። መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና መንፊያ ያስፈልጋል፤ እሾህ አለ፣ የብስክሌት ሱቅ ደግሞ በየመንደሩ የለም። ለዋሻዎቹ መብራት ያዙ። ከጠራራ ፀሐይ ተነስቶ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ሲገባ ዓይን ለተወሰነ ጊዜ ምንም አያይም።

ወቅቱ ከብስክሌቱ ይበልጣል። ሜዲትራኒያን ሲባል ሰው የሚያስበው ሙቀትና ባሕር ነው። ቴሩኤል ግን ከስፔን ቀዝቃዛ ከተሞች አንዷ ናት። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ ከ1937 መጨረሻ እስከ 1938 መጀመሪያ በተደረገው የቴሩኤል ውጊያ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 18 እና 20 ዲግሪ ደርሶ ስንት ወታደር እግሩን በውርጭ አጥቷል። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር ላይኛውን ክፍል ተዉት። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ታችኛው ክፍል ያቃጥላል። ጥሩው ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ መስከረምና ጥቅምት ነው። ከኤስካንዶን እስከ ባራካስ መንደሮቹ ራቅ ራቅ ይላሉ፤ ውሃ በደንብ ያዙ።

ባቡሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፉርጎው ላይ ለብስክሌት ያለው ቦታ ጥቂት ነው። ሃዲዱ ሲታደስም ባቡሩ በአውቶቡስ የሚተካበት ጊዜ አለ። አውቶቡሱ ብስክሌት ላይወስድ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

እሳቱ

ይህን ጉዳይ በውበቱ ብቻ ጽፎ መተው አይሆንልኝም። ነሐሴ 15 ቀን 2022 በቤሂስ አካባቢ መብረቅ ወረደና ደኑ ተያያዘ። በማግስቱ ከቫሌንሲያ ወደ ሳራጎሳ የሚሄደው ባቡር፣ ማለትም በዚያው ሸለቆ የሚያልፈው፣ እሳቱ አጠገብ ደርሶ ቆመ። ባቡሩ ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል የተደናገጡ ተሳፋሪዎች መስኮት ሰብረው ወጡ። ብዙዎች በቃጠሎው ቆሰሉ። እሳቱ ከመጥፋቱ በፊት ከ15,000 ሄክታር በላይ በላ። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ፣ ገና ሙቀቱ ሳይመጣ፣ በዚያው ክፍለ ሀገር ቪያኑዌቫ ዴ ቪቬር ላይ ሌላ ትልቅ እሳት ተነሳ።

ይህ ለብስክሌተኛ በጣም የሚያሳስብ ነገር ነው። ከመኪና ነፃ የሆነ መንገድ ማለት ማምለጫው የራቀ መንገድ ማለት ነው። ጥልቅ ቆረጣ ውስጥ ወይም ዋሻ አጠገብ ያለ ሰው ጭሱ ከየት እንደሚመጣ አያይም። በእግር ወይም በብስክሌት ያለ ሰው እሳትን አይቀድምም። የቫሌንሲያ ክፍለ ግዛት በየቀኑ የደን እሳት አደጋ ደረጃ ያወጣል። ደረጃው ከፍተኛ በሆነ ቀን ያለማመንታት ጉዞውን መተው ነው። ትኬት ተቆርጦ፣ ሆቴል ተይዞ ቢሆንም። እኔ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

እሳቱን የሚያባብሰው አንዱ ነገር የነዋሪው ቁጥር መመናመን ነው። የቴሩኤል ክፍለ ሀገር በካሬ ኪሎ ሜትር ዘጠኝ ሰው ገደማ ነው ያለው። ገበሬው ሲሄድ እርሻው ጫካ ይሆናል፤ ፍየልና በግ ሲጠፋ ደረቁን ሣር የሚበላው የለም። በ1999 የአካባቢው ሰዎች «ቴሩኤል አለች» የሚል ንቅናቄ ጀመሩ። ስሙ ራሱ ልመና ነው፤ «አለን፣ አትርሱን» እንደማለት። በ2019 ንቅናቄው ፓርላማ ገባ። ከሚጮሁባቸው ነገሮች አንዱ ባቡሩ ነው፤ አርጅቷል፣ ዝግ ይላል፣ ይታደስልን ይላሉ። ብስክሌተኞቹ ለመንደሮቹ ትንሽ ገቢ ይዘው ይመጣሉ። አልጋ ይከራያሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ትሩፍ ይገዛሉ። ይህ ብቻውን መንደር አያድንም። ግን በሩን ሊዘጋ የነበረ ምግብ ቤት ክፍት ሆኖ ከቆየ፣ ለምግብ ቤቱ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም።

የጥገናው ነገር ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። መንገዱ በሁለት ክልሎችና በብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ውስጥ ያልፋል። አንዱ መንደር ጠጠሩን በየጊዜው ያስተካክላል። ቀጣዩ ገንዘብም ሠራተኛም የለውም። ዝናብ ከጣለ በኋላ ቦይ ይከፈታል፣ ከቆረጣው ድንጋይ ይንከባለላል። ብስክሌተኛ የመንደር ድንበር ማለፉን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከጎማው ነው፤ ለስላሳ የነበረው በድንገት መንጨርጨር ይጀምራል። ወደ ማዕድን ማውጫው ስትጠጉም መስመሩ ይደክማል፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ጉዞውን ከቴሩኤል የሚጀምረው። መንገዱ አንድ ሆኖ ባለቤቱ ሲበዛ እንዲህ ይሆናል። አንድ ቡድን ሙሉውን መስመር የሚጠብቅበት አሠራር ቢኖር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ለእኛ

ስለ ማዕድኑ ባቡር ሳነብ አንድ ቁጥር ልቤን ነካው። የሃዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። የጅቡቲና የአዲስ አበባው አሮጌ ባቡርም ስፋቱ ያው አንድ ሜትር ነው። ግንባታው በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዲሱ ሰፊ ሃዲድ ከመምጣቱ በፊት አሮጌው በአብዛኛው ሥራ አቁሞ ነበር። መሐንዲሶቹ ያኔ ከቆላው እስከ ደጋው ያወጡት ተዳፋት ግን አፈሩ ውስጥ አለ። ሃዲዱ የራሱ ታሪክ ያለው ቅርስ ስለሆነ ይነሳ አልልም። ባቡሩ ተመልሶ ቢሄድበት ከሁሉ ይበልጣል። የምለው ሌላ ነው። መሬቱ አንድ ወጥ ሆኖ ይቆይ። እዚህ ቤት፣ እዚያ መጋዘን እየተባለ ከተቆራረጠ በኋላ ለባቡርም፣ ለብስክሌትም፣ ለእግረኛም መልሶ የሚገጣጥመው አይገኝም።

ይህን የምለው በሐሳብ ብቻ አይደለም። የኦሆስ ኔግሮስ መስመር ራሱ ያሳየዋል። ከባራካስ ጀምሮ ስትወርዱ፣ 60 እና 70 ኪሎ ሜትር ያለ መኪና ከሄዳችሁ በኋላ፣ አልሂሚያንና ቶሬስ ቶሬስን ስታልፉ ነገሩ ይለወጣል። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ መሬቱ ውድ ነው፤ ፈጣን መንገድና ቤት በዝቷል። አሮጌው መስመር እዚህ ላይ እንደ ላይኛው አንድ ወጥ ሆኖ አልተረፈም። ምልክት እያያችሁ፣ በብርቱካን እርሻ መሃልና ከመኪና ጋር በምትጋሩት መንገድ፣ ከመንደር መንደር እየተሻገራችሁ ሳጉንቶ ትገባላችሁ። ከዚያ ወደብ ላይ የቆመውን ምድጃ ለማየት ከተማውን ማቋረጥ ነው፤ የትራፊክ መብራት፣ አደባባይ፣ የጭነት መኪና። ማዕድኑ በራሱ መንገድ እስከ ውሃው ጫፍ ድረስ ይወርድ ነበር።